ጋሽ ሚሊና ሽምብጥ ላይ የዞረችው የእንፋሎት ሞተር

የአቶ ሙሀመድሰዒድ አደም የሕይወት ታሪክ
(1944 – 2018 ዓ.ም.)

መሸንቲ ገና አንድ መንገድና ሁለት ረድፍ ቤት በነበረችበት ዘመን፣ በ1944 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ ገበያው ደምቆ በዋለበት ቀን፣ ከጨው ነጋዴው ከአቶ አደም ሁሴንና ከወይዘሮ ጀሊላ እንድሪስ አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። አባቱ በጨው ሚዛናቸው ቢመዝኑት አምስት ኪሎ ተኩል ሆነ። አንዳንድ ዘመዶች ሦስት ኪሎ ነበር ይላሉ፤ እነሱ ግን በቦታው አልነበሩም። ያ ልጅ፣ ኋላ ባሕር ዳርና የጣና ዳርቻ «ጋሽ ሚሊ» እያለ በፍቅር የጠራቸው፣ ዛሬ የምንሰናበታቸው አቶ ሙሀመድሰዒድ አደም ናቸው።

በሰባት ዓመታቸው ያንኑ ሚዛን ፈታትተው፣ ጠራርገው፣ መልሰው ገጠሙት። በማግስቱ አባታቸው ጨው ሲመዝኑ፣ ሚዛኑ ለዓመታት ለገዢው ሲያደላ እንደኖረ ታወቀ። ልጁ ይገረፍ ወይስ ይመረቅ በሚል ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። አባታቸው ሁለቱንም አደረጉ።

ቁርኣናቸውን እዚያው መሸንቲ ቀርተው፣ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ባሕር ዳር አጎታቸው ዘንድ ተቀምጠው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በሒሳብ ከክፍላቸው አንደኛ ነበሩ። በሌሎቹ ትምህርቶች ስንተኛ እንደወጡ የሚያስረዳ ሰነድ ቤተሰቡ ፈልጎ አላገኘም።

በ1962 ዓ.ም. በከተማው በሚገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ተቀጠሩ። የተቀጠሩት ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው ቶርኖ የሚጥለውን ፍቅፋቂ ለመጥረግ ነበር። እሳቸው ግን መጥረጊያውን ይዘው ዓይናቸው ቶርኖው ላይ ቀረ። በስድስተኛው ወር ቶርኖ ሠራተኛው ታሞ በቀረበት ቀን አንድ ዘንግ ቀርጸው አስቀመጡ። አለቃቸው ዘንጉን ለክተው ማን እንደሠራው ጠየቁ፤ ሲነገራቸው መጥረጊያውን ተቀብለው ለሌላ ሰው ሰጡት። ከዚያ በኋላ አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ፋብሪካ የተሰበረ ነገር ሁሉ የሚድነው በእሳቸው እጅ ነበር።

ስማቸው «ሚሊ» የሆነውም በዚያ ጊዜ ነው። መለኪያ ከማንሳታቸው በፊት የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ብረቱ ላይ ያስኬዱና ስንት ሚሊሜትር እንደቀረው ይናገሩ ነበር። መለኪያው ሲመጣ እሳቸው ያሉት ይሆናል። አንድ ጊዜ ብቻ አልሆነም፤ ሲጣራ የተበላሸው መለኪያው ነበር።

በ1969 ዓ.ም. ከጣና ማዶ ደልጊ ላይ የአንድ የሕዝብ ጀልባ የፕሮፔለር ዘንግ ተሰብሮ፣ አዲሱን ቀርጸው ይዘው እንዲገጥሙ ተላኩ። ሐይቁ በዚያ ቀን ተቆጥቶ ነበር። ማዕበሉ የፎቅ ቤት ያህል እንደነበር ራሳቸው ደጋግመው ነግረውናል። ደልጊ ሲደርሱ ማረፊያ የሰጧቸው ጀልባ ሠሪው አቶ መስዑድ ነበሩ። አቶ መስዑድ ሳንቃ ሲገጥሙ ሳንቃውን ይዛ የምታቆምላቸው ሴት ልጃቸው ዘሊካ ነበረች። እንግዳው ዘንጉን በግማሽ ቀን ገጥመው ሲያበቁ፣ ጀልባው ሌላም ጉዳት ሳይኖርበት አይቀርም ብለው አምስት ቀን ቆዩ። አቶ መስዑድ ጀልባውን ዞረው አይተው ምንም ጉዳት ሲያጡበት ነገሩ ገባቸው። በ1970 ዓ.ም. ኒካሕ ታሰረ፤ ሙሽራዋ በዚያው ጀልባ ባሕር ዳር ገባች። በጋብቻቸው ናኢማን፣ አብዱልሃኪምንና ሱንዱስን አፍርተዋል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ፋብሪካው አሮጌ መሣሪያዎችን በጨረታ ሲያወጣ፣ አቶ ሙሀመድሰዒድ ከእሳቸው በዕድሜ የሚበልጠውን ቶርኖ ገዙት። ቶርኖው በበር አልገባ ብሎ የግቢው አጥር ፈረሰ፤ ለመጎተት ሠላሳ ሰው ወጣ። ወይዘሮ ዘሊካ መኝታ ቤቱንም ይለቁለት እንደሆነ ጠየቁ። ባለቤታቸው ጥያቄው የምር መስሏቸው፣ ወለሉ ክብደቱን እንደማይችል በትዕግሥት አስረዷቸው። በመጨረሻ በባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ጓሮ ከቆርቆሮ አንድ ክፍል ተሠራለት። በ2004 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ አንድም ቀን አላረፉም፤ ከመሸንቲ፣ ከወረታ፣ ከደልጊ ዘንጉ የተበላበት ባለ ወፍጮ ሁሉ ጓሯቸውን ያውቀዋል። በዚያ ዘመን በጣና ዙሪያ የተፈጨ ዱቄት በሙሉ የእሳቸው እጅ ነበረበት ማለት ይቻላል።

በ2008 ዓ.ም. ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቁርስ ላይ ሻዩ ከብርጭቆው ፈሰሰ፤ እሳቸው ብርጭቆው ሞልቶ ነው አሉ። በሳምንቱ ግማሽ ብርጭቆም ፈሰሰ። ሐኪሞች የበሽታውን ስም ነገሯቸው፣ ክኒን አዘዙላቸው፣ ቶርኖውንም ቢተዉት መልካም መሆኑን በአክብሮት መከሯቸው። ክኒኑን ተቀበሉ፤ ምክሩን እዚያው ትተውት መጡ።

ወሬው ግን ቀድሟቸው ገበያ ደርሶ ነበር። «የጋሽ ሚሊ እጅ ሄዷል» ተባለ። ባለ ወፍጮዎቹ አንድ በአንድ ቀሩ። የጓሮው በር መንኳኳት አቆመ። ለሌላ ሰው ይህ ዕረፍት ነው፤ ለእሳቸው ግን በቁም መቀበር ነበር። ከሰው ተሰውረው ቶርኖውን ባዶውን ያዞሩትና ድምፁን ቆመው ያዳምጡ እንደነበር ወይዘሮ ዘሊካ ያስታውሳሉ።

በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ፣ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲው ባለበት በፔዳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠው ሳለ፣ አንድ የቆየ ደንበኛቸው ዘንጉን ሌላ ቦታ እንዳሠራ አምልጦት ተናገረ። አቶ ሙሀመድሰዒድ ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው አስቀመጡና እንዲህ አሉ፦

«እጄ ሄዷል የምትሉ ስሙ። በዚህ እጅ፣ ከስኳር ጣሳ የማትበልጥ የእንፋሎት ሞተር ሠርቼ ካላዞርሁ፣ ቶርኖዬን ለቁራሌ እሸጠዋለሁ።»

በዩኒቨርሲቲው ወርክሾፕ ሠላሳ ዓመት ያገለገሉትና በአጥር የሚዋሰኗቸው አቶ አዘዘ፣ ነገሩን በቀልድ ለማብረድ፣ «ጋሽ ሚሊ፣ ካዞሯትማ እኔም ይህን ጢሜን እላጫለሁ» አሉ። የአቶ አዘዘ ጢም በሽምብጥ ከደርግ ዘመን ጀምሮ የነበረ ቅርስ ነው። ሁለቱ ሰዎች በሻይ ቤቱ ሁሉ ፊት ተጨባበጡ፤ አንደኛው እጅ ሲንቀጠቀጥ ሁሉም አየ።

ለምን የእንፋሎት ሞተር እንደሆነ የጠየቋቸው ነበሩ። መልሳቸው አጭር ነበር፦ አርባ ሁለት ዓመት ሌሎች የፈጠሩትን መሣሪያ ዕቃ ሲተኩ ኖሩ፤ ከእሳቱ እስከ መዘውሩ የእኔ የሚሉት አንድ እንኳ የላቸውም። ታናሿ ልጃቸው ሱንዱስ ንድፉን ከኢንተርኔት አውጥታ ፔዳ አሳትማ አመጣችላቸው። ንድፉ በኢንች ነበር። ወረቀቱን ይዘው ወር ሙሉ ተቀምጠው እያንዳንዱን ቁጥር ወደ ሚሊ ቀየሩት፤ እግረ መንገዳቸውንም የንድፉን ባለቤት ሦስት ስሕተት አረሙለት።

ሥራው ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ፈጀ። ሲሊንደሩን ከአሮጌ የወፍጮ ሞተር ብረት ቀረጹት፤ ውስጡን ሲያለሰልሱት መስታወት ሆነ፤ አብዱልሃኪም ፊቱን አይቶበት ጢሙን አስተካክሏል። ውስጡ የሚመላለሰውን ፒስተን ከአሮጌ የቧንቧ ናስ አወጡት። ውሃ የሚፈላበትን ጋን ከመዳብ ቱቦ በየዱት። ከስንዴ ቅንጣት የሚያንሱ ሃያ አራት ብሎኖች አንድ በአንድ ጥርስ አወጡላቸው።

ይህ ሁሉ የሆነው በሚንቀጠቀጥ እጅ ነው። አቶ ሙሀመድሰዒድ እጃቸውን እንደ ተበላሸ መሣሪያ ቁጭ ብለው አጠኑት። ሲያርፍ ይንቀጠቀጣል፤ ጠበቅ አድርጎ የሚይዘው ነገር ሲያገኝ ይረጋል። ክኒኑን ከዋጡ ከሦስት ሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል ከሁሉም የተሻለ ይረጋል። ከዚያ ወዲያ ሕይወታቸውን በዚያች አንድ ሰዓት ዙሪያ ሠሩት። ጥሩ ጥሩው ሥራ ለእሷ ይቀመጥ ነበር። በዚያች ሰዓት እንግዳ ቢመጣ፣ ዘመድ ቢሆን፣ ሹም ቢሆን፣ ወይዘሮ ዘሊካ በር ላይ ይመልሱታል።

በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ሞተሯ አለቀች። ለሙከራው ሰፈሩ በሙሉ ተጠራ፤ አጥሩ ላይ የተቀመጠው ሳይቆጠር ሁለት መቶ ሰው ነበር። ከመለኮሷ በፊት ሁሉም መዘውሯን በጣቱ እያዞረ እንዲያይ ጋበዙ። እንደ ሐር ትሄዳለች፤ ፒስተኗና ሲሊንደሯ መካከል አየር እንኳ አያልፍም። አቶ አዘዘ በጣታቸው ሦስት ጊዜ አዙረው እጃቸውን ጢማቸው ላይ አሳረፉ።

እሳቱ ተለኮሰ። ውሃው ፈላ። እንፋሎቱ ሲለቀቅ መዘውሯ አንዴ ዞረች። ሁለቴ ዞረች። ቆመች።

አቶ ሙሀመድሰዒድ በጣታቸው ሊያግዟት ሞከሩ፤ ንቅንቅ አላለችም። ተጠርቶ የመጣው ሰው ሁሉ ሳይሸኙት ሄደ። አቶ አዘዘ እጃቸውን ከጢማቸው ላይ አንስተው በቀስታ ወጡ፤ ያ ከስድብ ሁሉ ባሰ። ሞተሯ ላይ ጨርቅ ተጣለ፤ የቆርቆሮው ክፍል ተቆለፈ።

ዐሥራ አንድ ቀን ቁልፉ ከኪሳቸው አልወጣም። ሽማግሌዎች መጡ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ሄዱ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ማለዳ፣ ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው ነበሩና፣ አብዱልሃኪምን ጠርተው ቁራሌ እንዲያመጣ አዘዙት። አብዱልሃኪም መንገዱን አርዝሞ በሽምብጥ ሦስት ጊዜ ዞረ፤ ቁራሌው ግን ራሱ እየጮኸ በደጃፍ አለፈ። ምን ይደረግ።

ወይዘሮ ዘሊካ ቁራሌውን ተቀበሉት። እንግዳ ሳይበላ ስለ ጉዳዩ አይናገርም ብለው አስቀመጡትና ቁርስ አቀረቡለት። እሱ ሲበላ ከባለቤታቸው ቁልፉን ተቀብለው ክፍሉን ከፈቱ፤ ጨርቁን አነሱ። ሞተሯ ከቀዘቀዘች ሰንብታለች። መዘውሯን በጣታቸው ነካ ሲያደርጉት እንደ ሐር ሄደ። ከዚያ ባለቤታቸውን ጠሯቸው።

«አባቴ ሳንቃ ሲገጥሙ ለውሃው ቦታ ይተዉ ነበር። እኔ ነበርሁ የምይዝላቸው፤ በመሃሉ ብርሃን ይታየኝ ነበር። ጀልባው ውሃ ሲገባ እንጨቱ ያብጥና ራሱ ይዘጋዋል። አንቱ ለእሳቱ ቦታ ትተውለታል?»

«ናስ እንጨት አይደለም፣ ዘሊካ።»

«አያብጥም?»

አቶ ሙሀመድሰዒድ ሞተሯን አነሱና ፒስተኗን አዩ። ናስ ሲሞቅ ከብረት ይልቅ እንደሚያብጥ አርባ ዓመት ሲያውቁትና ለሰው ሲያስተምሩት የኖሩት ነገር ነው። ግን እጁ ሄዷል የተባለ ሰው ማንም ክፍተት እንዳያገኝበት ብሎ ፒስተኑን ለቀዝቃዛ ብረት ልክ አድርጎ ገጥሞታል። ሥራው ጎድሎ አልነበረም፤ ከልክ በላይ ሞልቶ ነበር።

«ያብጣል» አሉ። ቀጥለውም፣ «ክኒኔን አምጪልኝ።»

ከፒስተኑ መነሳት የነበረበት የአንድ ሚሊ ከመቶ ሦስት እጅ ብቻ ነበር። ፀጉር ከዚያ ይወፍራል። ትንሽ ቢበዛ እንፋሎቱ በጎን ያመልጣል፤ የሁለት ዓመት ሥራ ያልቃል፤ ቁራሌው ደግሞ ደጅ ተቀምጧል። ወይዘሮ ዘሊካ ሰዓት ይዘው ከጎናቸው ቆሙ። ሦስት ሩብ ሰዓቱ ሲሞላ «ደርሷል» አሉ። አቶ ሙሀመድሰዒድ ቢስሚላህ ብለው የቶርኖውን መዘውር ጨበጡ፤ እጃቸው ረጋ። ናሱ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ክር አወጣ። አንድ ጊዜ ብቻ አስኬዱት። በመለኪያ አላዩትም፤ ጥፍራቸውን አስኬዱበትና አስቀመጡት።

ከሰዓት በኋላ ሁለተኛው ሙከራ ተደረገ። የተገኙት ወይዘሮ ዘሊካ፣ ሦስቱ ልጆች፣ አቶ አዘዘና ምሳም የጨመረው ቁራሌ ነበሩ። እንፋሎቱ ሲለቀቅ ሞተሯ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ትኩስ ውሃ በአቶ አዘዘ ሸሚዝ ላይ ተፋች፣ ከዚያ መዞር ጀመረች። ዞረች። ፈጠነች። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ አቶ ሙሀመድሰዒድ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ የትኛው መንቀጥቀጥ የማን እንደሆነ አልለይ አለ። ውሃዋ እስኪያልቅ አርባ ደቂቃ ዞረች። በአቶ አዘዘ ሰዓት ዐሥራ ስምንት ነው፤ የአቶ አዘዘ ሰዓት ግን ድሮም ወደ ኋላ ይቀራል። ድምፁ ደልጊ ድረስ ተሰምቷል የሚሉ አሉ። ይህን ቤተሰቡ ማረጋገጥ አልቻለም፤ አላስተባበለምም።

አቶ አዘዘ ያንኑ ዕለት ጢማቸውን ተላጩ። ባለቤታቸው በር ላይ አላወቋቸውም ነበር። ቁራሌው ባዶ የዘይት ጣሳ በነጻ ተሰጥቶት ሄደ፤ ከገበያው በፊት ወሬውን ያዳረሰውም እሱ ነው።

በሳምንቱ የጓሮው በር ተንኳኳ። ባለ ወፍጮዎቹ ተመለሱ። አቶ ሙሀመድሰዒድ ዘንጎቹን ተቀበሉ፤ ቀጥሎ ያደረጉትን ግን ማንም አልጠበቀውም ነበር። በዩኒቨርሲቲው መካኒካል ምሕንድስና ተምራ በአንድ ቢሮ ወረቀት ስታገላብጥ የነበረችውን ሱንዱስን አስጠርተው፣ ያቺን የረጋችውን አንድ ሰዓት ለእሷ ማስተማሪያ አደረጓት። ለአምስት ዓመት ያህል አስተማሯት። ቀላል መምህር አልነበሩም። አንዱን ዘንግ ዐሥራ አንድ ጊዜ መልሰውባታል፤ ወይዘሮ ዘሊካ ልጅቷ ታገባ ዘንድ እንኳ ይፍቀዱላት እስኪሉ ድረስ። ሱንዱስ ቢሮውን ትታ ቶርኖው ላይ ቆመች፤ በኋላም አግብታለች፣ አላህ ይባርክላት። አቶ ሙሀመድሰዒድ ስለ እሷ ሥራ ከ«ደህና ነው» በላይ ተናግረው አያውቁም። ይህን ቃል ለራሳቸው ሥራ እንኳ ብዙ ጊዜ አይሰጡትም ነበር።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በሽታው በረታ። ክኒኑ የሚሰጣቸው ሰዓት ወደ ግማሽ፣ ከዚያ ወደ ደቂቃዎች ወረደ። በ2018 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከአልጋ ዋሉ። በዱዓም፣ በቀልድም፣ የጎብኚዎችን የጫማ ሶል በማረምም ትዕግሥታቸውን አላጡም።

ባረፉበት ሳምንት ማክሰኞ፣ ከደልጊ የመጣ አንድ ባለ ጀልባ፣ በዚያው ቀን ተሠርቶ ያለቀለትን የፕሮፔለር ዘንግ ይዞ ሊጠይቃቸው ገባ። ዘንጉን በጨርቅ ጠቅልሎ ደረታቸው ላይ አስቀመጠላቸው። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ቆየና ብረቱን ሲጨብጥ ረጋ። ጥፍራቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬዱበት። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ማን እንደሠራው ጠየቁ። በሩ ላይ የቆመችው ሱንዱስ፣ «እኔ ነኝ፣ አባ» አለች።

«እኔ መስሎኝ ነበር» አሉ።

አቶ ሙሀመድሰዒድ አደም ዓርብ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ጎሕ ሲቀድ በተወለዱ በ74 ዓመታቸው ወደ ፈጣሪያቸው ተመለሱ። ከጁሙዓ ሰላት በኋላ በባሕር ዳር ሙስሊሞች መካነ መቃብር ሥርዓተ ቀብራቸው ተፈጽሟል። የሸኛቸው ሕዝብ ብዛት ለመገመት ያስቸግራል፤ ለምትጠይቁን ሁሉ ግን አንድ መቶ ሺህ እንላለን።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዘሊካ መስዑድን፣ ልጆቻቸውን ናኢማን፣ አብዱልሃኪምንና ሱንዱስን፣ ስድስት የልጅ ልጆችን፣ ሦስት እህቶችን፣ ጢማቸውን ዳግም ያላሳደጉትን ጎረቤታቸውን አቶ አዘዘን፣ እንዲሁም አንዲት ሞተር ትተውልን ሄደዋል። ለቅሶው እሑድ ያበቃል። ሰኞ ጠዋት የጓሮው በር ይከፈታል። ዘንግ የተሰበረባችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ሱንዱስ አለች።

አላህ በሠሩት መልካም ነገር ሁሉ ይቀበላቸው፤ የጎደለባቸውን በእዝነቱ ይሙላላቸው፤ ቀብራቸውን ሰፊና ብርሃን ያድርግላቸው፤ ከደጋጎቹ ጋር በጀነት ያሳርፋቸው። ለእኛም ጽናቱን ይስጠን። አሚን።